ቱቦውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የተሠራው ለመጉበጥ ነው። በርዝመቱ ሲጎብጥ የሚችለው ጭነት ያስገርማል፤ ከጎኑ ሲጨፈለቅ ግን ከሸንበቆ ብዙ አይሻልም። የዛሬዎቹ ዘንጎች በአብዛኛው ከካርቦን የተጠቀለሉ፣ ውስጣቸው ባዶና ግድግዳቸው ስስ የሆኑ ናቸው። አውሮፕላን ጣቢያ ውስጥ ከባድ ሻንጣ የወደቀበት ዘንግ ዕለቱን ላይሰበር ይችላል። የጤፍ ፍሬ የምታህል ንቃቃት ይዞ ጫሞ ሐይቅ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ የመጀመሪያው ከባድ ዓሣ ሲጎትት ልክ በዚያች ነጥብ ላይ ቀጭ ይላል። ባለቤቱም ፋብሪካውን ይረግማል። ጥፋቱ የተፈጸመው ግን ከሁለት ቀን በፊት፣ እሱ መሳፈሪያው በር ላይ ቡናውን ይዞ ሲጠብቅ ነው።

ስለ ዘንግና ስለ አውሮፕላን የሚሰጡ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ ከአየር መንገዱ ደንብ ይጀምራሉ። ደንቡ ያስፈልጋል፤ እመለስበታለሁ። እኔ ግን ከአንድ ሰው ብጀምር እመርጣለሁ፦ እኛ በሌለንበት ዘንጎቹ የተቀመጡበትን ቱቦ ከሚከፍተው ፈታሽ። አሜሪካ ውስጥ ለጭነት ያስረከብነው ሻንጣ የሚመረመረው ከዓይናችን ከራቀ በኋላ ነው። ማሽኑ አጠራጣሪ ነገር ሲያሳይ ፈታሹ ይከፍታል፣ ያያል፣ መከፈቱን የሚገልጽ ወረቀት ውስጡ ጥሎ ይዘጋል። እርሳስ፣ ብረት፣ ባትሪና ረጅም ቱቦ የታየበት ሻንጣ ይከፈታል ብሎ መነሣት ይበጃል። ያ ሰው በሕይወቱ ዓሣ አጥምዶ ላያውቅ ይችላል፤ ከኋላው ደግሞ ገና ያልታየ ሻንጣ ተደርድሯል። ዘንጎቹ ወደ ቱቦው የሚመለሱበትን ሁኔታ የሚወስነው እንግዲህ የእኛ አስተሳሰር ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። አየር መንገዶች ሻንጣን የሚለኩት ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን ደምረው ነው። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ በኢኮኖሚ ክፍል የተለመደው ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ እስከ 23 ኪሎ፣ ድምሩም እስከ 158 ሴንቲ ሜትር። ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ መክደኛው ከራሱ ከቱቦው ስለሚሰፋ በወርድና በከፍታ ብቻ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይበላል። ለርዝመት የሚቀረው 133 ነው። ሰባት ጫማ የሆነ፣ ማለት 213 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ ሁለት ቁራጭ ዘንግ ሲፈታ ከነመገጣጠሚያው ወደ 110 ይመጣል፤ በሁለቱም ጫፍ ስፖንጅ ሲጨመርበት 116 የሚሆን ቱቦ ይበቃዋል፤ ያለችግር ያልፋል። ስምንት ጫማ ባለ ሁለት ቁራጭ ከሆነ ቱቦው 132 ይደርሳል፤ ሜትር ይዞ የሚለካ ሠራተኛ ካጋጠመ ጉዳዩ የአንድ ሴንቲ ሜትር ክርክር ነው። ዘጠኝ ጫማ በሁለት ቁራጭ ከወሰኑ ያልፋል። አንድ ወጥ የሆነ ሰባት ጫማ ዘንግ ደግሞ ድምሩ 240 ይጠጋል፤ ለእርሱ ተብሎ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ በሁለት ጉዞ ውስጥ አዲስ ተጣጣፊ ዘንግ ይገዛል። አንድ ወጥ ዘንግ በስሜት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ቤታቸው አጠገብ ውሃ ላላቸው።

ከዚህ ሌላ፣ ከውጭ አገር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሐበሻ የሚያውቀው ሁለተኛ ሒሳብ አለ። ያ 46 ኪሎ በወረቀት ላይ የእኛ ነው እንጂ ከወር በፊት ተከፋፍሏል። የአክስት ጫማ፣ የጎረቤት ልጅ ላፕቶፕ፣ «ትንሽ ናት» ተብላ የመጣች የሦስት ኪሎ አደራ። ቱቦው ብቻውን ከሁለቱ ሻንጣዎች አንዱን ይበላልና ከቤተ ዘመድ ጋር ያጣላል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የሚያዋጣው ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ነው። ትልቅ ሻንጣ ውስጡ 70 በ45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ 83 ሴንቲ ሜትር አለው። ዘጠኝ ጫማ የሆነ ባለ አራት ቁራጭ የፍላይ ዘንግ፣ ማለት በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጠመድበት፣ ቱቦው ከ76 እስከ 79 ስለሚሆን በሰያፍ ይተኛል። የአክስት ጫማም ከላይና ከታች ትራስ ይሆነዋል። አደራው የጠቀመበት ብቸኛው ጊዜ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ እጅ ሻንጣ እንምጣ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር፣ በአጭሩ ቲ ኤስ ኤ፣ ዘንግን በእጅም በጭነትም ይፈቅዳል፤ ትናንሽ ማባበያዎችንም እንዲሁ። ትልልቅ መንጠቆዎች ግን ተሸፍነውና ተጠቅልለው ወደ ጭነት እንዲገቡ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ውሳኔም ፍተሻው ላይ የቆመው ሠራተኛ ነው። ይህ ግን የፍተሻው ፈቃድ ብቻ ነው። አየር መንገዱ የራሱን መጠን ይጨምርበታል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው 7 ኪሎ ክብደትና 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር መጠን ነው። ቅድም ያልነው የ77 ሴንቲ ሜትር ቱቦ እንግዲህ በደንቡ አይገባም። ብዙ ሰው በትከሻው አንጠልጥሎት ይገባል፣ ማንም አይናገረውም። ዝምታው ግን ፈቃድ ስላልሆነ፣ አውሮፕላኑ የሞላ ዕለት በሩ ላይ ተወስዶ በስስ ጨርቅ ቦርሳው እንዳለ ወደ ሆድ ይገባል። በእጅ ለመያዝ ያሰበ ሰው ሰባት ጫማ ሆኖ በአምስት ወይም በስድስት ቁራጭ የሚፈታ የጉዞ ዘንግ ይግዛ። በአምስት ሲከፈል እያንዳንዱ ቁራጭ ከመገጣጠሚያው ጋር ወደ 46 ይመጣል፤ ከሻንጣው ልክ ውስጥ ነው። በአራት ሲከፈል ደግሞ 55ን ለጥቂት ያልፋል። አንድ ቁራጭ የሚያመጣው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ግን ለየትኛው ውሃ ነው የምንይዘው? ኢትዮጵያ ውስጥ መልሱ በሦስት ይከፈላል። ጫሞ ላይ ዋናው ናይል ፐርች ነው፤ ዝርያው እስከ ሁለት ሜትርና 200 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በጀልባ እየጎተቱ ለማጥመድ አጭርና ወፍራም ዘንግ፣ ከ65 እስከ 80 ሊብራ የሚችል የተጎነጎነ ክር፣ ከፊቱ 100 ሊብራ የሚሆን ወፍራም ነጠላ ክር ያስፈልጋል። እዚያው ሐይቅ ውስጥ ታይገርፊሽም አለ፤ ጥርሱ ክር ስለሚበጥስ ከመንጠቆው በፊት 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር የብረት ሽቦ ይፈልጋል። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚባለውን ባርበስ ለማጥመድ ከ8 እስከ 12 ሊብራ ለሚችል ክር የሚሆን ቀላል ዘንግና ከ7 እስከ 15 ግራም የሚመዝኑ የብረት ማንኪያ ማባበያዎች ይበቃሉ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፤ ለእርሱ አራት ወይም አምስት ቁጥር የፍላይ ዘንግ በቂ ነው። ለጣናና ለባሌ የሚሆነው ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የሚያስቸግረው የጫሞው ነው፤ ወፍራም ዘንግ ብዙ ቁራጭ ሲሆን መገጣጠሚያዎቹ ይከብዱታልና። ለጫሞ ባለ ሁለት ቁራጭ ይዤ ቱቦ ብሠራ ይሻለኛል።

ቱቦውን ሱቅ መግዛት ይቻላል፤ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሄዶ መሥራት ግን ርካሽና ጠንካራ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ቀጭን ዘንግ 75 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ፣ ለሦስት ወይም ለአራት 110። ክር የሚያልፍባቸው ቀለበቶቻቸው ሰፊ የሆኑ ዘንጎች ቦታ ስለሚበሉ ከመቆረጡ በፊት ዘንጎቹን አስሮ መለካት ይገባል። ለውሃ ግፊት የተሠራው ወፍራሙ ቱቦ ይከብዳል፤ ለፍሳሽ የሚውለው ስሱ ይበቃል። 110ው በሜትር ወደ አንድ ተኩል ኪሎ፣ 75ቱ ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በመጋዝ ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፤ የተሳለ ጠርዝ የዘንጉን ቀለም ይልጣል፣ የፈታሹንም እጅ ይቆርጣል። አንዱ ጫፍ በፒቪሲ ማስቲሽ ይዘጋ። ሌላው ጫፍ ጥርስ ያለው፣ የሚጠመዘዝ መክደኛ ይሁን፤ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ፒንሳ፣ በባዶ እጅ የሚከፈት። በፕላስተር አሥሬ ዙር የተጠቀለለ ቱቦ ጠንካራ ይመስላል፤ ፈታሹ ግን በምላጭ ይቀደዋል፣ መልሶ የሚጠቀልልበት ፕላስተር ደግሞ የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ መክደኛው ልቅ ሆኖ ነው። ጓጉንቸር ካስፈለገ የቲ ኤስ ኤ ፈታሾች በራሳቸው ቁልፍ የሚከፍቱት ዓይነት ይሁን፤ ሌላውን ይሰብሩታል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ቱቦው ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ መብሳት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዋሽንግተን ላይ አየር እንዳያስገባ የተዘጋ ቱቦ ቦሌ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር መክደኛውን ይገፋዋል፤ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ይስበውና አልከፈት ይላል። ቀዳዳዋ እርጥበትንም ታስወጣለች። ርጥብ ዘንግ በታፈነ ቱቦ ውስጥ ሙቀት ሲያገኘው ቫርኒሹ ይኮፈሳል፣ የቡሽ እጀታው ይሻግታል። ክብ ቱቦ በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ ይንከባለላል፤ በሁለቱም ጫፍ አራት ማዕዘን የሆነ እንጨት ወይም ጠንካራ ስፖንጅ ቢታሰርበት ይቆማል።

አሁን ውስጡ። ቱቦ ውስጥ ዘንግ የሚሰብረው ብዙውን ጊዜ የዘንጉ የራሱ እንቅስቃሴ ነው። ቱቦው በቁመቱ ሲጣል ዘንጎቹ ወደ ታች ተንሸራተው በጫፋቸው መክደኛውን ይመታሉ። ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ቀለበት ትታጠፋለች፣ ወይም ከነጫፏ ትነቀላለች። ስለዚህ ቁራጮቹ በየተራ ይገለባበጡ፤ የአንዱ ወፍራም ጫፍ ከሌላው ቀጭን ጫፍ ጎን ይሁን፣ ቀጭኑም ከወፍራሙ ወደ ውስጥ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ገባ ይበል። እንዲህ ሲሆን ምቱን የሚቀበለው እጀታው ነው። ቀለበቶቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ በየመሐሉ አሮጌ ፎጣ ወይም ካልሲ ይግባ። በሦስት ቦታ በቬልክሮ ማሰሪያ ይታሰር፤ ጎማ ክርና ፕላስተር ይቅር፣ ጎማው በሙቀት ይጣበቃል፣ ፕላስተሩ ቫርኒሽ ይነቅላል። ከዚያ ጥቅሉ በሙሉ አንድ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይግባና አፉ ይታሰር።

ይህ አንድ ከረጢት ነው እንግዲህ ለዚያ ለማናውቀው ሰው የሚሠራው ሥራ። አምስት ልቅ ቁራጭ ያገኘ ፈታሽ አምስቱንም አውጥቶ አምስቱንም እንደ መጣለት ይመልሳል፤ አንዱ ጫፍ ከስፖንጁ ውጭ ይቀራል፣ መክደኛው ሲጠመዘዝ አብሮ ይጠመዘዛል። አንድ ከረጢት ያገኘ ግን ያወጣል፣ ይዳስሳል፣ ይመልሳል። ከረጢቱ ከታችም ከላይም አንድ ዓይነት ቢሆን፣ ማለት በየትኛውም ጫፍ ቢገባ ጉዳት ከሌለው፣ የበለጠ ጥሩ ነው። ስፖንጆቹን በክር ከመክደኛውና ከከረጢቱ ጋር ማያያዝ ደግሞ ወድቀው እንዳይቀሩ ያደርጋል። መክደኛው ውስጥ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር መጻፍ አይከፋም፦ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መሆኑን፣ ስፖንጁ ከላይና ከታች እንደሚገባ። ስልክ ቁጥርም ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይኑር፤ የውጭው መለያ ይቀደዳል።

ሪል፣ ማለት ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ፣ ከዘንጉ ላይ ተነቅሎ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። ከሁሉም ዕቃ ውዱና ለመተካት አስቸጋሪው እርሱ ነው፤ አርባ ምንጭ ገበያ ላይ ለናይል ፐርች የሚሆን ሪል ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ትልቁ ሪል ከ600 እስከ 700 ግራም ስለሚመዝን ሁለት ሪል ከ7 ኪሎው አንድ አምስተኛ ይበላል። እጀታው ይታጠፍ ወይም ይነቀል። ክሩ ሲጎተት የሚይዘው ፍሬን ሙሉ በሙሉ ይላላ፤ ተጠብቆ ለሳምንታት የቆየ ፍሬን ውስጡ ያሉት ዝርግ ዲስኮች ተጣብቀው ዓሣ ሲጎትት በለስላሳ ፋንታ በመንደርደር ይለቃል፣ ክር የሚበጠሰው ያኔ ነው። ክሩን በተመለከተ ማወቅ ያለብን አንዳንድ አገር ያሉ ፈታሾች ክር የተጠቀለለበትን ሪል በእጅ ማስገባት እንደማይወዱ ነው፤ ጠንካራ ክር ማነቂያ ሊሆን ይችላል ይላሉ። እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ የሚያሸንፍ ተሳፋሪ የለም። መፍትሔው ትርፍ ክር ከነጥቅሉ ጭነት ውስጥ ማኖር ነው፤ የሪሉ ክር ተቆርጦ ቢወሰድ እንኳ ሪሉ ይተርፋል።

በመንገድ ላይ ያለው ሌላ አገርም አይረሳ። በፍራንክፈርት፣ በኢስታንቡል ወይም በዱባይ የሚያልፍ ሰው እዚያ እንደገና ሊፈተሽ ይችላል፤ የሚዳኘውም በዚያ አገር ደንብ ነው። ዋሽንግተን፣ ዱለስ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ያለፈች ፒንሳ ማስተላለፊያው ላይ ልትቀር ትችላለች። ቲ ኤስ ኤ እስከ ሰባት ኢንች፣ ማለት 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሆኑ የእጅ መሣሪያዎችን በእጅ ይፈቅዳል፤ ሌላው ይፈቅዳል ማለት አይደለም። ቢላ ጭነት ውስጥ ይግባ፣ ያውም በሰገባ። ሳይሸፈን የተጣለ የዓሣ ቢላ የሚያገኘው መጀመሪያ የፈታሹ ጣት ነው።

መንጠቆም እንዲሁ። ሦስት ጫፍ ያላቸው መንጠቆዎች ከማባበያው ላይ በፒንሳ ቢነቀሉ ይሻላል፤ ለሃያ ማባበያ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ግን የተጠላለፈ ሣጥን ከመፍታት ያንሳል። መንቀል የማይፈልግ በጠርሙስ ቡሽ ወይም በተቆረጠ ስፖንጅ ጫፎቹን ይሸፍን። ከፕላስቲክ የተሠሩት ለስላሳ ማባበያዎች በየራሳቸው ላስቲክ ይቆዩ፤ ከጠንካራው ፕላስቲክ ጋር ተነካክተው ሙቀት ሲያገኛቸው ይቀልጡና ሣጥኑንም ያበላሻሉ። በዚህ ላይ የወባ ነገር አለ። አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው የትንኝ መከላከያ ቅባት መያዙ አይቀርም፤ ዲት የሚባለው ኬሚካል ያለበት ቅባት ግን ፕላስቲክና ቀለም ያሟሟል። ክርና ማባበያ ካለበት ሣጥን ጋር አንድ ኪስ ውስጥ መግባት የለበትም። ቅባት በነካው እጅ ክር መንካትም ያው ነው፤ መዳፍን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

እርሳስ ሁለት ጊዜ ያስቸግራል። ይከብዳል፤ ሃያ ባለ 57 ግራም ማስጠሚያ ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። በኤክስሬይ ላይ ደግሞ ከኋላው ያለውን የማያሳይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ሻንጣው ሥር ተቀብሮ ከተገኘ ፈታሹ እርሱ ጋር ለመድረስ ሁሉን ይገለብጣል። ከላይ፣ ውስጡ በሚታይ ሣጥን ይሁን። ለነገሩ ለጀልባ ጎተታ በጥልቀት የሚጠልቁ ማባበያዎች ካሉ ብዙ እርሳስ አያስፈልግም፤ ማስጠሚያም ቢያልቅ የሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች በድንጋይ ይሠሩታል።

ፈሳሽ ነገር በእጅ ሲያዝ የ100 ሚሊ ሊትሩ ደንብ ይሠራል፤ የሪል ዘይትም ፈሳሽ ነው። እስከ አፉ የተሞላ የዘይት ጠርሙስ በአየር ግፊት ለውጥ ያልባል፤ ሩብ ያህል ጎድሎ፣ ጎኑ ጨመቅ ተደርጎ ተዘግቶ፣ በላስቲክ ውስጥ ቢቀመጥ ይተርፋል። ስለ ባትሪ ግን ሰው የሚሳሳተው ደጋግሞ ነው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ጭነት ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ብቻ። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቁጥሩም ከሁለት አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ የለም። የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ባለ 12.8 ቮልት 10 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይይዙና ትንሽ ነው ይላሉ። ሲባዛ 128 ዋት ሰዓት ነው፤ አስቀድሞ ሳይጠየቅ አያልፍም። ባለ 7 አምፒሩ ወደ 90 ይሆናል፤ ያልፋል፣ ለአንድ ቀንም ይበቃል። በጋዝ ራሱን የሚነፋ የሕይወት ጃኬት የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በስፖንጅ የተሠራው ግን ምንም አይጠይቅም፣ በጫሞ ጀልባ ላይም ከሌላው ሁሉ በፊት ሊኖር የሚገባው እርሱ ነው። ድሮን ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል፤ ከላይ ሆኖ ዓሣ ለማየት ያሰበ ሐሳቡን ይተወው።

የአገር ውስጡ በረራ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ቦሌ ላይ ፍተሻው የሚጀምረው ተርሚናሉ በር ላይ ነው፤ የእጁም የጭነቱም ሻንጣ ከቼክ ኢን በፊት በማሽን ያልፋል፣ የእጁ ደግሞ ወደ መሳፈሪያ ሲገባ እንደገና። ብዙዎች ያማርራሉ፤ ለዘንግ ግን ደግ ነገር ነው። ቱቦው የሚከፈተው ፊት ለፊታችን ነው፤ ራሳችን ከፍተን አሳይተን ራሳችን እንዘጋለን። «የዓሣ ማጥመጃ ነው» ከተባለ በአብዛኛው ነገሩ በአንድ ፈገግታና «ለእኛስ አታመጡም?» በሚል ጥያቄ ያልቃል። ስለዚህ ጓጉንቸሩ ከዚህ ፍተሻ በኋላ ይቆለፍ። በአገር ውስጥ መስመር የሚበሩት ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 አውሮፕላኖች ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያቸው ጠባብ ነው፤ በትልቁ አውሮፕላን በእጅ የገባው ረጅም ቱቦ እዚህ ላይገባ ይችላል። የጭነቱ ልክም ከዓለም አቀፉ ስለሚለይ ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ማየት ነው፤ ሁለቱ በረራዎች በተለያየ ቲኬት ከተገዙ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎዳል። በመሐል አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር፣ ቱቦው ከዋናው በረራ ቢዘገይ እንኳ ጊዜ ይሰጣል። አደራውም ያኔ ለባለቤቱ ይደርሳል፣ ሻንጣውም ይቀላል።

ሲደረስ ቱቦው ከሌሎቹ ሻንጣዎች ጋር በቀበቶው ላይ ላይመጣ ይችላል፤ ትልልቅ ዕቃ በሚወጣበት በር በኩል፣ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ይመጣል። ጠፋ ብሎ ከመጮህ በፊት እዚያ ማየት። ከዚያ ከአዳራሹ ሳይወጡ መክፈት ያስፈልጋል፣ ሰው ቢጠብቅም ይጠብቅ። እያንዳንዱ ቁራጭ በጣት ይዳሰስ። የቀለበቶቹ ውስጠኛ ክፍል ሴራሚክ ነው፤ ቢሰነጠቅ ዓይን አያየውም፣ ክርን ግን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ትንሽ ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ ማዞር ነው፤ ጥጡ የተያዘበት ቀለበት ተሰንጥቋል። ጉዳት ከተገኘ እዚያው የሻንጣ ጉዳይ ቢሮ ማስመዝገብና የሪፖርቱን ቅጂ መያዝ። በሞንትሪያል ስምምነት በሚሸፈን ዓለም አቀፍ በረራ የጉዳት አቤቱታ ሻንጣው ከተረከበ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ ለዘገየ ሻንጣ ደግሞ ከደረሰ በኋላ 21 ቀን ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር መንገዱ ተጠያቂነት ጣሪያ ለአንድ ተሳፋሪ 1,519 ኤስ ዲ አር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ)፣ ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ጉዳቱ ከዕቃው ከራሱ ጉድለት የመጣ ከሆነ ግን አየር መንገዱ አይጠየቅም፤ ደካማ አስተሳሰርም ለክርክር በር ይከፍታል። ቱቦው ከመዘጋቱ በፊት የዘንጎቹን ፎቶ ማንሣት፣ ደረሰኙንም ስልክ ላይ ማስቀመጥ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

የመመለሻው ነገር ከመሄጃው ይለያል፤ አሁን ዕቃው ርጥብና ቆሻሻ ነው። ጣና ላይ እንቦጭ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአረሙ ዘር በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። መረብ፣ ጫማና የጀልባ ገመድ ካለበት ውሃ ወደሌለበት ሲሄዱ ዘሩን የሚሸከመው ያ ጭቃ ነው። ባሕር ዳር አጥምዶ በማግስቱ ሌላ ሐይቅ ለመድረስ ያሰበ ሰው ጫማውን በብሩሽ አጥቦ፣ መረቡን አራግፎ፣ በፀሐይ አድርቆ ይነሣ። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች እንደሚወጣም ይታወቅ፤ በዚያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ ማጥመድ ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልደግፈውም። ወደ አሜሪካ የሚመለስ ደግሞ ከብት የዋለበት መስክ ላይ ከረገጠ ለጉምሩክ መናገር ይጠበቅበታል፤ ጫማው ንጹሕ ከሆነ ጥያቄው አጭር ይሆናል።

ዘንጎቹ በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጠረጉ፤ መገጣጠሚያዎቹ በተለይ፣ ውስጣቸው የገባ አሸዋ ቀጣዩን ጊዜ አልላቀቅ ያሰኛል። የተጣበቀ ካለ በመጠምዘዝ ሳይሆን በቀጥታ በመሳብ፣ ሁለት ሰው ሆኖ፣ እያንዳንዱ አንድ እጁን ከመገጣጠሚያው በላይ ሌላውን በታች ይዞ። ሲደርቅ ተባዕቱ፣ ማለት ወደ ሌላው ቁራጭ የሚገባው፣ ጫፍ ላይ ሻማ በስሱ ማሸት ይበቃል፤ ጧፍ ሰሙ ስለሚጣበቅ አቧራ ይሰበስባል። ከዚያ ዘንጎቹ ሌሊቱን ከቱቦው ውጭ፣ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ይደሩ። ቱቦውም መክደኛው ተነሥቶ ጎኑን ይተኛ፤ የሚዘጋው ጠዋት፣ ታክሲው በር ላይ ሲደርስ ነው።